በጃንጎ የተደራረቡ ተዛማጅ መዝገቦችን ስለመጫን

ጤና ይስጥልኝ። የትእዛዞች ገጽዎ በጣም እንደሚዘገይ ገልጸው፣ ትእዛዝን ከዝርዝሮቹ (በትእዛዙ ውስጥ ካሉት የዕቃ መስመሮች)፣ ዝርዝርን ከምርቱ፣ ምርትንም ከምድቡ ጋር እንዴት መጫን እንደሚገባ ጠይቀዋል፤ ኮድዎንም ልከዋል። ጃንጎ (Django፣ በፓይተን የተሠራው የድር መገንቢያ) ተዛማጅ መዝገብን የሚያመጣው ኮዱ ሲፈልገው ብቻ ስለሆነ፣ በገጹ ላይ 50 ትእዛዞች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው 4 ዝርዝር ቢይዙ፣ ለትእዛዞቹ 1፣ ለዝርዝሮቹ 50፣ ለምርቶቹ 200፣ ለምድቦቹም 200፣ በድምሩ 451 ኳየሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) ይላካል። ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን የዳታቤዝ ማውጫ) መጨመር ይህን አይፈታውም፤ መዘግየቱ የሚመጣው ከብዛቱ እንጂ ከአንዱ ኳየሪ ክብደት አይደለም።

ዘዴውን የሚወስነው የግንኙነቱ አቅጣጫ ነው። ከዝርዝር ወደ ምርት፣ ከምርትም ወደ ምድብ የሚወስደው ፎሪን ኪ (ወደ አንድ ሌላ መዝገብ የሚያመለክት መስክ) ስለሆነ ሰሌክት ሪሌትድ (select_related) ሁሉንም በጆይን፣ ማለትም ሠንጠረዦችን በማጣመር፣ በአንድ ኳየሪ ያመጣል። ከትእዛዝ ወደ ዝርዝሮቹ ሲኬድ ግን የሚገኘው ብዙ መዝገብ ስለሆነ ፕሪፌች ሪሌትድ (prefetch_related) ያስፈልጋል፤ እርሱም ሌላ ኳየሪ ልኮ ውጤቱን በፓይተን በኩል ከየትእዛዙ ጋር ያዛምዳል። ይህ ብክነት አይደለም፤ 4 ዝርዝርና 3 ክፍያ ያለው አንድ ትእዛዝ ሁለቱም በጆይን ቢመጡለት 12 ረድፍ ሆኖ ይመለሳል።

የግንኙነቶቹን ደረጃዎች (ዝርዝር፣ ምርት፣ ምድብ) በድርብ አንደርስኮር (__) አያይዘው ለፕሪፌች ሪሌትድ ቢሰጡት በ4 ኳየሪ ይጠናቀቃል። ከጃንጎ 1.7 ጀምሮ ባለው የፕሪፌች ኦብጀክት ለዝርዝሮቹ የራሳቸውን ኳየሪሴት (በጃንጎ የሚጻፍ የኳየሪ መግለጫ) ሰጥተው በእርሱ ላይ ሰሌክት ሪሌትድ ቢጨምሩ ደግሞ 2 ብቻ ይበቃል፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው ይህንኑ ነው። ሆኖም ብዙ ዝርዝሮች ጥቂት ምርቶችን የሚጋሩና ምርቶቹም ረጅም መግለጫ ያላቸው ከሆነ፣ ጆይኑ ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ ስለሚያመጣ ባለ 4ቱ ይሻላል።

የእርስዎ ኮድ ፕሪፌች እያደረገም ያልፈጠነው፣ የተሰረዙ ዝርዝሮችን ለማስቀረት ትእዛዞቹን አንድ በአንድ በሚያልፈው ሉፕ ውስጥ ፊልተር (filter) ስለሚጠራ ነው። ፊልተር አስቀድሞ የተጫነውን ትቶ ለየትእዛዙ አዲስ ኳየሪ ይልካል፤ በዚህም የመጀመሪያው ጭነት በከንቱ ይቀራል። ማጣሪያውን ወደ ፕሪፌች ኦብጀክቱ ኳየሪሴት ያዛውሩት፤ ውጤቱንም በቱ አትር (to_attr) የተለየ ስም ይስጡት። ይህን አጥብቄ የምመክረው፣ የተጣራው ዝርዝር በዋናው ስም ከተቀመጠ ሌላ የኮድ ክፍል ሙሉ መስሎት ድምር ሊያሰላበት ስለሚችልና ስህተቱም ምንም መልእክት ሳያሳይ ስለሚያልፍ ነው።

ካስተካከሉ በኋላ የተላኩ ኳየሪዎችን ቁጥር በሚያረጋግጠው በአሰርት ነም ኳየሪስ (assertNumQueries) ቴስት ይጻፉለት። በ2 ትእዛዝም በ20 ትእዛዝም የኳየሪው ቁጥር እኩል መሆን አለበት፤ ከጨመረ ግን በቴምፕሌቱ (ገጹን በሚቀርጸው ፋይል) ወይም በሲሪያላይዘሩ (መዝገቡን ለመላክ ወደሚመች ቅርጽ በሚቀይረው ኮድ) ውስጥ ያልተጫነ ግንኙነት የሚነካ መስመር አለ ማለት ነው።