የተከላችሁት ይቆያል፤ የሚሄደው የራሳችሁ ነው

«የፀጉር ንቅለ ተከላ ላሠራ ነው፤ ግን ይቆያል ወይ?» የምትሉኝ ወንድሞች በዝታችኋል። በሰው አገር «ተው እንጂ፣ ቆይ እስቲ» የሚል ዘመድ አጠገባችሁ የለም። ስለዚህ የራሴን ጭንቅላት ለማስተማሪያ ልስጣችሁ።

ያሠራሁት በ29 ዓመቴ ነው። ግንባሬ ገና ወደ ላይ መሸሽ መጀመሩ ነበር። የ18 ዓመት ፎቶዬን አሳይቼ «እንዲህ አድርጉልኝ» አልኩ። ሐኪሙም አላንገራገረም፤ ዝቅ አድርጎ ተከለልኝ። በዓመቱ በጣም አምሮብኝ ነበር። ዛሬ 11 ዓመት ሆነው። የተተከለው አለ። ከእሱ ኋላ የነበረው የራሴ ፀጉር ግን ተሸኝቷል። ፊት ለፊት ጥቅጥቅ ያለ መስመር፣ ከኋላው ሜዳ። ኮፍያ የማላወልቀው ለምን እንደሆነ ገባችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው የወንዶች በራነት የሚመጣው ከቴስቶስትሮን በሚሠራ ዲኤችቲ በሚባል ሆርሞን ነው። በዘር የተጋለጡትን የግንባርና የአናት ፀጉር ሥሮች ዓመት በዓመት ያቀጭጫቸዋል። የኋላና የጎን ፀጉርን ግን ብዙም አይደፍርም። ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም በ1959 ያሳየው ይህንን ነው፤ ከኋላ የተነሣ ፀጉር ፊት ላይ ቢተከልም የመጣበትን ጠባይ ይዞ ይኖራል። እንደ እኛው ነው፤ አገር ቢቀይርም አመሉን አይለቅም።

ይህ ማለት ግን ዋስትና አለው ማለት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የኋላው ፀጉርም ሊሳሳ ይችላል፤ ያኔ ከዚያ የመጣውም አብሮ ይሳሳል። ሐኪሙ ወደ አናት ተጠግቶ ወይም ከማጅራት ግርጌ ከወሰደ ደግሞ፣ ነገ የሚረግፍ ፀጉር ነው የተከለላችሁ። ጎናቸውና ኋላቸው ጭምር የሳሳባቸው ሰዎች ባይነኩት ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተከለው ሲረግፍ አትደንግጡ፤ ሥሩ ውስጥ ነው። ከ3 እስከ 4 ወር ብቅ ማለት ይጀምራል። ፍርዱን ከ12 ወር በኋላ ስጡ፤ አናት ላይ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። ከኋላ የተነቀለ ሥር በቦታው ተመልሶ አይበቅልም። ያላችሁ የተቆጠረ ነው፣ ልክ ወጪ እንጂ ገቢ እንደሌለው የባንክ ደብተር። በወጣትነት ግንባር ላይ ከጨረሳችሁት፣ በ45 ዓመታችሁ አናታችሁ ሲከፈት የምታወጡት ነገር የለም። «በአንድ ቀን የፈለግከውን ያህል እንተክላለን» የሚል ቦታ እኔን ያስፈራኛል። አባትና አጎቶቻችሁ የት ደርሰው እንደቆሙ የሚጠይቅ ሐኪም ፈልጉ።

መድኃኒትም አለ። ፊናስተራይድና ሚኖክሲዲል ለተተከለው ሳይሆን ገና ላልሄደው የራሳችሁ ፀጉር ነው የሚጠቅሙት። የሚሠሩት እስከተወሰዱ ድረስ ብቻ ነው፤ ሲቆሙ ያተረፉት በወራት ውስጥ ይሄዳል። ፊናስተራይድ ጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መጫጫን ያመጣል፤ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩት። እኔ «ተክያለሁ፣ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ነው የተሸወድኩት።

ስለ ፀጉራችን አንድ ነገር ልበል። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳው በታችም ሥሩ ይጠመዘዛል። አንድ በአንድ በሚነቅሉበት በኤፍዩኢ ዘዴ፣ እጁ ያልለመደ ሰው ሥሩን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይበቅልም። ስለዚህ ከርዳዳ ፀጉር ላይ የሠራውን፣ በተለይ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ የተነሣ ፎቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቁስላችሁ ሲድን የሚያብጥና ጠባሳው የሚገዝፍ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጥሩ ዜናም አለ፤ ከርዳዳ ፀጉር በጥቂት ሥር ብዙ ቦታ ይሸፍናል።

እህቶችም ትጠይቁኛላችሁ። ጥብቅ ሹሩባ የመለጠው ግንባር፣ ሹሩባው ቶሎ ከተተወ ፀጉሩ ራሱ ሊመለስ ይችላል። ተክላችሁ ዳግም ከጎተታችሁት ግን አዲሱም ይነቀላል።

ባለፈው ዓመት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ኋላዬን በአጉሊ መነጽር እያየ ብዙ ቆየና «የቀረህ ለመሃሉ ወይም ለአናትህ ይበቃል፤ ለሁለቱም አይበቃም» አለኝ። መሃሉን መረጥኩ። አናቴን የሚያየው ከእኔ የሚረዝም ሰው ብቻ ነው።