የጊታር ነት ቦይ በምን ይቆረጥ?

ከሐረር አንድ ወንድሜ ጽፎልኛል። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ነት፣ ማለትም በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሿ ፕላስቲክ፣ ተሰንጥቃበት ከግመል አጥንት አዲስ ቀረጸ። ክሮቹ የሚገቡባቸውን ቦዮች በሦስት ማዕዘን ሞረድና በብረት መጋዝ ቆረጣቸው። አሁን አንደኛው ክር ባዶውን፣ ጣት ሳይጫነው፣ ሲመታ ይንዛረዛል። ሦስተኛው ደግሞ ሲቃኝ «ጭር» ብሎ ይዘልና ቅኝቱ ያልፋል። «ጋሼ፣ ሙሉውን የነት ሞረድ ስብስብ፣ ለየክሩ ውፍረት የተሠራውን፣ ላስመጣ ወይስ እዚሁ የሚገኝ ነገር ይሠራል?» ይላል።

አቦ፣ ለጊዜው ገንዘብህን ያዝ። አጥንት መምረጥህ ትክክል ነው። በደንብ ደርቆ ስቡ ከወጣ ከፕላስቲክ በብዙ ይሻላል። ያሳሳተህ መሣሪያው ነው።

ሦስት ማዕዘን ሞረድ የሚያወጣው ቦይ ታቹ ሹል ነው። ክሩ እዚያ ይነከሳል። መቃኛውን ስታዞር ውጥረቱ ከነቱ ኋላ ይጠራቀምና በአንዴ ይለቀቃል። የሰማኸው «ጭር» እሱ ነው። የብረት መጋዝ ምላጭ ደግሞ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ስለተከፈቱ ከዚያም ያሰፋል። አንደኛው ክርህ ግን 0.25 ብቻ ነው። ሰፊ ቤት ውስጥ ይዋልላል።

ስለዚህ መሣሪያ ከመፈለግህ በፊት ክርህን ለካ። አንተ ያሰርከው ከ10 እስከ 46 የሚባለው (ቁጥሩ ውፍረቱ በኢንች ሺህኛ ነው) ከሆነ ከቀጭኑ ሲጀመር 0.25፣ 0.33፣ 0.43፣ 0.66፣ 0.91 እና 1.17 ሚሊ ሜትር ነው። ቦዩ ከክሩ በ0.05 ያህል ይስፋ፣ ታቹም ክብ ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ላሉት ክሮች የጋዝ በያጆች የችቦ አፍንጫ የሚጠርጉበት የሽቦ ስብስብ ይበቃሃል። ክብ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ርካሽ ነው። ዝግ ብሎ ይበላል፤ ለጀማሪ ይሄ ጥሩ ነው። አንድ ዓመል አለው፦ ይታጠፋል። ረጅሙን ይዘህ ከገፋህ የቦዩን ሁለት ጫፍ በልቶ መሃሉን ጉብ ያደርገዋል። አሳጥረህ ያዘው።

ለሁለቱ ቀጫጭኖች ሽቦው ይወፍራል። መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበትን ፊለር ጌጅ ፈልግ። የ0.30 እና የ0.35 ቅጠሎቹን አውጣና ጠርዛቸው ላይ በሹል ሞረድ ጥቃቅን ጥርስ አውጣላቸው። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን ምርጥ መጋዝ ይሆናሉ።

እውነተኛውን የነት ሞረድ የምመክረው የሰው ጊታር መሥራት ስትጀምር ነው። ያኔም ሙሉውን አትግዛ። ሞረዱን በትንሹ ግራና ቀኝ እያዘነበልክ ቦዩን ማስፋት ስለሚቻል ሦስት ወይም አራት መጠን ብዙ ያሠራል። ከሥራ በኋላ ላቡን ጠርገህ ዘይት ንካው፤ በሙቀት የእጅ ላብ ቶሎ ያዝገዋል።

አሁን ወደ ነትህ። አዲስ አጥንት ካለህ እንደገና ጀምር። ከሌለህ የተበላሹትን ቦዮች በአጥንት ብናኝ ሙላና ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግበት። ሲደርቅ ቁረጠው። መሣሪያህን ወደ ጊታሩ ራስ በኩል በትንሹ አዘቅዝቀህ ያዝ። የቦዩ ከፍተኛ ቦታ በፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በተሰለፉት የብረት ዘንጎች፣ በኩል ያለው ጠርዝ መሆን አለበት። ከኋላ ከሆነ ክሩ ቦዩ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይንዛረዛል።

ጥልቀቱን ዓይንህ አይወስን። ክሩን አስረህ ቃኝና ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫነው። ከዚያ አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እይ። ወረቀት ያህል ብርሃን ከታየ ቁም። ክሩ ፍሬቱን ከነካ አልፈሃል፤ የአንደኛው ክርህ መንዛረዝም ምናልባት ከዚሁ ነው። እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ከገፋሁ በኋላ ክሩን መልሼ አያለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ያወጣኸውን አጥንት መመለስ ከዚህ የበለጠ ያሰለቻል።

በመጨረሻ ቦዮቹን በእርሳስ አጥቁራቸው፤ ያንሸራትታል። ሦስተኛውን ክር ግማሽ ድምፅ አውርደህ መልሰህ ቃኘው። አሁንም «ጭር» ካለ የጎኑን ግድግዳ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሻሽ እንጂ ታቹን አትንካው።