መልስ፦ ለአባትህ ብስክሌት አዲስ ፍሬን

ወንድሜ፣ በአባትህ ብስክሌት ላይ የነበረውን ባለ 27 ኢንች ቸርኬ 700ሲ በሚባለው ትንሽ አነስ ባለ መጠን ብትቀይረው የፍሬኑ ላስቲክ ጎማውን እየነካ አስቸገረኝ ብለሃል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር በአሮጌው 630 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በአዲሱ 622 ነው፤ ቸርኬው በ4 ሚሊ ሜትር ከፍሬኑ ራቀ፣ ላስቲኩም በቸርኬው ፋንታ ጎማው ላይ አረፈ ማለት ነው።

አዲስ ፍሬን ከመግዛትህ በፊት ለካ። ፍሬኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ መሃል ጀምረህ ላስቲኩ ቸርኬውን እስከሚይዝበት መስመር መሃል ድረስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ፊትና ኋላው ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም ለካ። ከ39 እስከ 49 ከሆነ የተለመደው ፍሬን ይበቃሃል፤ ከ47 እስከ 57 ከሆነ ባለ ረጅም ክንዱን ፈልግ።

ዋናው ጣጣ ፍሬኑን የሚያስረው ብሎን ነው። የድሮው ብሎን ረጅም ስለሆነ ዳዶው ከውጭ ይታሰራል። የዛሬው አጭር ነው፣ ቱቦ መሳይ ዳዶው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የፊተኛው ሹካ (የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ብረት) ቀዳዳ በኋላው በኩል ብቻ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የፊቱ ጎን እንዳይነካ። ትራፓን የያዘ ሰው ሁሉ ወዲያ ማዶ ማሳለፍ ይወዳልና ሲሠራ አጠገቡ ቁም።

ዲስክ ፍሬን (በቸርኬው መሃል ያለ ሳህን የሚጨምቀውን) ላስበይድ ያልከውን ግን ተወው፤ ያ ቀጭን ሹካ ለእንዲህ ያለ ጫና አልተሠራም።

ቸርኬህስ ብረት ነው ወይስ አሉሚኒየም? እኔ በብረት ቸርኬ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ፤ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨምቄ እንኳ ብስክሌቱ አልቆም ብሎኝ በጫማዬ ነው ያቆምኩት።