ምስሉ ደማቅ እንዲሆን ብዬ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የሴሎቼ ምስል እየደበዘዘ አስቸገረኝ። የሌዘሩን ኃይል ብጨምረው ምን ችግር አለው?» ትላለች። ጥያቄዋ የቆየ ቁስል ነካብኝና ሌሊቱን ሲያገላብጠኝ አደረ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ጀርመን ነበርኩ። ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያበሩ ነገሮችን በሚያሳይ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ በሕይወት ያሉ የሂላ ሴሎችን (ላቦራቶሪ ውስጥ የሚራቡ የሰው ሴሎች ናቸው) አያለሁ። የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያቸው ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራው ፕሮቲን አለ፤ ያ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ኦሳሙ ሺሞሙራ ከጄሊፊሽ ያገኘው። አንድ መድኃኒት እሞክር ነበር። በየ5 ሰከንዱ በ488 ናኖሜትር ሰማያዊ ሌዘር ምስል አነሳለሁ። ምስሉ ደማቅ እንዲሆን ኃይሉን ከፍ አድርጌዋለሁ። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንደ ክር ረዝመው የነበሩት ማይቶኮንድሪያ ተቆራርጠው እንደ ጨሌ ሆኑ። መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ፈነደቅሁ።

የላቦራቶሪው ረዳት ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። «መድኃኒት ያላገኙትንስ በዚሁ ብርሃን አይተሃቸዋል?» አለችኝ። ጊዜ የለንም አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ዛሬም ይሰማኛል።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ምሽት መድኃኒቱ አለቀብኝ። ባዶ እጄን ከምቀመጥ ብዬ ምንም ያልነካቸውን ሴሎች አየሁ። በ20 ደቂቃ ጨሌ ሆኑ። መድኃኒቱ እንደገና ሲመጣ ደግሞ አንዱን የሴል ሳህን መድኃኒት ጨምሬበት ጨለማ ውስጥ አቆየሁት። ክሮቹ ምንም አልሆኑም። የቆራረጣቸው የእኔ ብርሃን ነበር። ያንን ውጤት በስብሰባ አቅርቤዋለሁ። ሁለት ተማሪዎችም ሥራቸውን በእሱ ላይ ጀምረው ነበር። ለእነሱ ነገርኳቸው። ረዳቷ ግን ኮንትራቷ አልቆ ሄዳ ነበር። ልክ ነበርሽ ሳልላት ቀረሁ።

እናቴ ጥበብ ቀሚሷን አጥባ ስታሰጣ ገልብጣ፣ ጥላ ሥር ነበር። «ቀለሙን ፀሐይ ይበላዋል» ትላለች። ይህን እያየሁ አድጌ ሴል ላይ ስደርስ ረሳሁት። ሴል ላይ ደግሞ ቀለሙ ብቻ አይደለም የሚበላው። ብርሃኑ ሴሉ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጎጂ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል፤ እነሱ ሴሉን ራሱን ይጎዱታል።

የዛሬ ልጆች ለቆንጆ ምስል ትቸኩላላችሁ፤ ገና ሳይጣራ ስልክ ላይ ይለጠፋል። እኔስ? ስልክ ሳይኖረኝ ያው አደረግሁት። እናንተ ግን የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ጀርመን፣ ሃይድልበርግ ያሉ ተመራማሪዎች ብርሃኑን ከጎን እንደ ስስ ወረቀት አስገቡት፤ የሚታየው ንጣፍ ብቻ ይበራል፣ ከላይና ከታች ያለው ይተርፋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን መስታወቶች ያሉት ቺፕም አለ። እያንዳንዱ መስታወት ለብቻው ስለሚዘነበል አንዱን ሴል አብርታችሁ ጎረቤቱን ጨለማ ውስጥ መተው ትችላላችሁ። እኔ የምወደው ያንን ጎረቤት ነው። እዚያው ሳህን ውስጥ ያለ ምስክር ነው። የበራው ሴል ግን አሁንም ሙሉውን ብርሃን ይቀበላል፤ ቦታውን ስላጠበባችሁት ብቻ አይተርፍም።

ብርሃን ቀንሱ እያልኩ፣ በጣም ቀንሼም ምንም የማይታይበት ምስል ይዤ ሳምንታት አባክኛለሁ። ልኩን የሚነግራችሁ ሴሉ ራሱ ነው።

ለተማሪዋ ኃይሉን ከመጨመርሽ በፊት አንድ ሳህን ጨለማ ውስጥ አቆዪ አልኳት። ትናንት መለሰችልኝ፤ ሁለተኛውን ሳህን በፎይል ጠቅልላ ኢንኩቤተር፣ ሴሎቹን በሚያሞቀው ሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች። ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።