ጥያቄና መልስ፦ ዳግም የታተመ ጃዝ ሲገዙ የሽፋኑን ጀርባ ያንብቡ

አዳዲስና ዳግም የታተሙ የጃዝ አልበሞችን በሚመለከት ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ጥቂቶቹን እነሆ አሳጥሬ አቅርቤአለሁ። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ በየሳምንቱ የሚወጣው አልበም ብዛት እንዳደናገራቸው፣ የሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያው የሚጠቁማቸው ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት እየሆነባቸው መሰልቸታቸውን ጽፈዋል። ከየት ልጀምር ይላሉ።

መልስ፦ ከሚወዱት አንድ አልበም ይነሡና ከመሪው ስም በታች የተዘረዘሩትን ሙዚቀኞች ያንብቡ። በጃዝ ውስጥ አንድ ጥሩ ከበሮ መቺ ወይም ቤዝ ተጫዋች ከብዙ መሪዎች ጋር ስለሚሠራ፣ የእርሱን ስም ተከትሎ የሄደ አድማጭ በራሱ ፈጽሞ የማያገኛቸውን አልበሞች ያገኛል። ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በ1959 የቀረፀውን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የሚወዱ ከሆነ፣ ከአንዱ ዜማ በቀር ፒያኖውን የተጫወተው ቢል ኢቫንስ መሆኑን ልብ ይበሉ። ኢቫንስን ይዘው ሲጓዙ በ1968 በጀርመን ጥቁር ደን አካባቢ ከቤዝ ተጫዋቹ ከኤዲ ጎሜዝና ከከበሮ መቺው ከጃክ ዲጆኔት ጋር ቀርፆት እስከ 2016 ድረስ ሳይታተም የቆየ ሥራ ላይ ይደርሳሉ። ዲጆኔት ደግሞ በ1969 ሙኒክ ላይ ወደተቋቋመው ኢሲኤም ወደተባለው አሳታሚ፣ ከዚያም ወደ ኖርዌያዊው ሳክስፎን ተጫዋች ያን ጋርባሬክ ያደርስዎታል። ይህን ሁሉ ያገኙት ስም በማንበብ ብቻ ነው፤ መተግበሪያው ግን እነዚህን ስሞች ብዙ ጊዜ አያሳይዎትም።

ጥያቄ፦ 180 ግራም የሚመዝነው፣ ከተለመደው ከበድ ያለ ሸክላ የተሻለ ድምፅ አለው?

መልስ፦ የለውም፤ ድምፁን የሚወስኑት የተቀዳበት ምንጭ፣ ማስተሪንጉን (ከኅትመት በፊት ያለውን የመጨረሻ የድምፅ ዝግጅት) የሠራው ባለሙያና የኅትመቱ ጥራት ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ የአንድን አልበም ሁለት ዳግም ኅትመቶች አወዳድረው፣ ርካሹ የደበዘዘ ድምፅ ስላለው ተበሳጭተዋል። ጥሩውን ከመጥፎው ከመግዛቴ በፊት በምን ልለየው ብለው ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበርና ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። የሽፋኑን ጀርባ ያንብቡ። በጥንቃቄ የተሠራ ዳግም ኅትመት ከየትኛው ቴፕ እንደተቀዳ፣ ማስተሪንጉን ማን እንደሠራው፣ ፈቃዱ ከማን እንደተገኘ፣ ቀረፃው መቼና የት እንደተካሄደ፣ እነማን እንደተጫወቱበት በግልጽ ይጽፋል። በዘፈቀደ የተሠራው ከእነዚህ ብዙዎቹን ይዘልላል፤ የሚዘልለውም የሚጽፈው ስለሌለው ነው። ሻጩም ሲጠየቅ መልስ ካጣ፣ መልሱን እንዳገኙ ይቁጠሩት።

እንዲህ ያለው ኅትመት የበዛበት ምክንያት በሕጉ ውስጥ ይገኛል። በአውሮፓ ኅብረት የተቀረፀ ድምፅ ጥበቃ ለረጅም ጊዜ 50 ዓመት ነበር። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ጊዜውን ወደ 70 ዓመት ቢያሳድገውም፣ ቀድሞ ያለፈባቸውን ቀረፃዎች ግን አልመለሰም። ስለዚህ እስከ 1962 የታተሙት፣ ማለትም ብዙዎቻችን የጃዝ ወርቃማ ዘመን የምንለው ጊዜ ቀረፃዎች፣ ማንም አሳታሚ ከሙዚቀኛው ወይም ከወራሾቹ ጋር ሳይነጋገር እዚያ ሊያትማቸው ይችላል። ዋናው ቴፕ በእጁ ስለሌለ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከሲዲ ወይም ከአሮጌ ሸክላ ነው፤ ድምፁ የሚደበዝዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉን አልጣሰም፤ ለሙዚቀኛው ግን ከቀረፃው ምንም አልደረሰውም።

ምንጩ ምን ያህል እንደሚወስን ከላይ የጠቀስኩት የ1959ኙ አልበም በደንብ ያሳያል። የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ዜማዎች ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከተጫወቱት ትንሽ ከፍ ባለ ቃና ሲሰሙ ኖረዋል። ምክንያቱ በቀረፃው ዕለት ዋናው መቅረጫ ዝግ ብሎ መዞሩ ነበር፤ እንዲህ የተቀረፀ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ቃናው ከፍ ይላል፤ የታረመውም በ1990ዎቹ ከመጠባበቂያው ቴፕ በተቀዳ ጊዜ ነው። ከአልበሙ ጋር አብረው ሊጫወቱ የሞከሩ ተማሪዎች መሣሪያቸው ከሸክላው ጋር አልገጥም ያላቸው ለዚህ ነበር። ታዋቂ ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ደንበኞቹ ከአናሎግ ቴፕ በቀጥታ ይሠራል ብለው ያመኑት አንድ የአሜሪካ አሳታሚ፣ በመሀል ዲጂታል ቅጂ ይጠቀም እንደነበር በ2022 ታውቋል። ዲጂታሉ ድምፁን አበላሸ አልልም። ለገዢው አለመነገሩ ግን በደል ነው።

ዳግም ኅትመት በአግባቡ ሲሠራ የሚያደርገውን ደግሞ ኃይሉ መርጊያ ላይ አይተናል። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወቱ ብቻቸውን የሠሩትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ውስጥ ገዛው፤ ከዚያም ሙዚቀኛውን አፈላልጎ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱ አገኛቸው። ካሴቱ በእርሳቸው ፈቃድ በ2013 ዳግም ታተመ፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። አሳታሚው ባለቤቱን ለመፈለግ ባይደክም ኖሮ እኛ አሮጌውን ካሴት ብቻ እንሰማ ነበር፤ አዲሱ አልበም አይወለድም ነበር። እኔ ርካሹን ኅትመት አይግዙ ስል የምቆረቆረው ለድምፁ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ጠፍቶ የተገኘ» የሚባለው አልበም ሁሉ እውነት ጠፍቶ ነበር ወይስ ማስታወቂያ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አለ። ፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎኒየስ መንክና ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን በ1957 በካርኔጊ አዳራሽ አብረው የተጫወቱበት ቴፕ በ2005 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እስኪገኝ ድረስ፣ የሁለቱን የአብሮነት ወራት የምናውቀው ከጥቂት ቀረፃዎች ነበር፤ ይህ ታሪክ የሚያስተካክል ግኝት ነው። ኮልትሬን በ1963 ቀርፆት በ2018 የወጣው ደግሞ ሊተርፍ የቻለው የመጀመሪያ ሚስቱ ቤተሰብ ቅጂውን ስላቆየው ነው። በአንጻሩ አንድን ዜማ አምስት ጊዜ ደጋግሞ የያዘ ሣጥን ለተመራማሪ ይጠቅማል፤ ለጀማሪ አድማጭ ግን አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ጃዝ ቅጂ ስለሆነ ገንዘብ አላወጣበትም የሚሉ አንባቢ አሉ።

መልስ፦ ይህ አስተያየት በየጊዜው ይደርሰኛል፤ ትዕግሥቴንም ይፈታተነዋል፤ የሚጽፉልኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያልሰሙትን ነውና የሚነቅፉት። ክሽሽቶፍ ኮሜዳ በ1965 ዋርሶ ላይ የቀረፀውን «አስቲግማቲክ»፣ ሂዩ ማሴኬላና ጓደኞቹ በ1960 ጆሃንስበርግ ላይ የሠሩትን፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ላይ በኢትዮጵያ ቅኝቶች ያቀናበሩትን ይስሙ። ፒያኖን ራሱን በራሱ ያስተማረው ሪዮ ፉኩይ በ1976 ያወጣው አልበም ከጃፓን ውጭ ለአሥርት ዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በኢንተርኔት ከተሰራጨ በኋላ በ2018 በስዊዘርላንድ ዳግም ታትሟል። አራቱንም ሰምተው ቅጂ ናቸው ካሉ፣ የማን ቅጂ እንደሆኑ ጽፈው ይላኩልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ የማይታወቅ አሮጌ ሸክላ ቀድቼ ኢንተርኔት ላይ ብጭነውስ?

መልስ፦ እርስዎ ባለቤቱን አላወቁትም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አባታቸው በ1970ዎቹ በባንድ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ አንዲት አንባቢ፣ ከዕቃ መካከል በጥቅልል ቴፕ የተቀረፀ ልምምድ አግኝተዋል። አሮጌ ማጫወቻ ተበድረው ሊሰሙት አስበዋል፤ አንድ ወዳጃቸው ደግሞ ቴፑን በምድጃ ማሞቅ እንደሚረዳ ነግሯቸዋል።

መልስ፦ እባክዎ አያጫውቱት፤ አያሙቁትም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቴፖች ላይ ማግኔታዊውን ዱቄት የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ስለሚስብ ይልሞሰሞሳል፤ ቴፑ በማጫወቻው ራስ ላይ ሲያልፍ ዱቄቱ ይፋቃል፤ የተፋቀው ድምፅ ደግሞ አይመለስም። ማሞቅ እውነትም ያለ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ዝቅተኛና የማይዋዥቅ ሆኖ ለብዙ ሰዓታት በሚቆጣጠር መሣሪያ ይሠራል፤ ሁሉም ዓይነት ቴፕም አይሞቅም። ዓይነቱን የሚለየው ባለሙያ ብቻ ነው። የድምፅ ቅርስ የሚጠብቅ ቤተ መዛግብት ወይም የቴፕ ጥገና ባለሙያ እስኪያገኙ ድረስ ቴፑን ከነሣጥኑ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አቁመው ያስቀምጡት። ወራት ቢፈጅም ይጠብቁ። በሣጥኑ ላይ የተጻፈ ስም ወይም ቀን ካለ አሁኑኑ ፎቶ ያንሡት፤ አብረው የተጫወቱትን የሚያስታውስ ዘመድ ካለም ስማቸውን ዛሬ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ሸክላዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬ ባስቀምጥ ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፤ በክብደቱ ይጣመማሉ። አቁመው ያስቀምጧቸው።