የጤና መድን ደብተር ይዞ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል?

ሰላም። «እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አላት፤ በቀጥታ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ብወስዳት መድኑ ይከፍላል?» ብለው ላነሱት ጥያቄ፦ ድንገተኛ ካልሆነ ሪፈር (ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክበትን ወረቀት) መያዝ አለብዎት።

አሠራሩ እርከን አለው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በላይ እንዲያገለግል ነው የታቀደው። ሁሉም ሰው በቀጥታ ከተማ ቢገባ በጤና ጣቢያ የሚያልቀው ጉንፋንና ታይፎይድ የቀዶ ሕክምናውን ወረፋ ይይዘዋል። በእንግሊዝም መጀመሪያ የሚታየው የሰፈር ሐኪም ጋ ነው፤ ሩዋንዳም መድንተኛዋን ከጤና ጣቢያ ታስጀምራለች። ሰዉ ይህን እንግልት ብቻ አድርጎ ማየቱ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በጀልባ ከመነሳታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ያስመርምሯት። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ስሟ ከደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን፣ ማኅተም፣ ፊርማና ቀን መኖሩን እዚያው ቆመው ይዩ። ብዙ ሰው ማኅተም ረስቶ ነው ከካርድ ክፍል የሚመለሰው። የዓመቱ መዋጮ መታደሱንም ያረጋግጡ፤ ያልታደሰ ደብተር አያገለግልም። ዕድሜያቸው ከ18 በላይ የሆኑ ልጆች ተጨማሪ መዋጮ ካልተከፈለላቸው በእሷ ደብተር አይታከሙም።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኑ አይካተቱም። መድኃኒት ከሆስፒታሉ ከጠፋ፣ ከውጭ ከመግዛትዎ በፊት ከመድኑ ጋር ውል ያለው ሌላ ፋርማሲ መኖሩን እዚያው የመድን ክፍሉን ይጠይቁ።