ሸጠው ያመለጡት ባንከሮች፦ ስለ «ማርጂን ኮል» ፊልም ጥያቄና መልስ

በጎንደር የምንኖር የፊልም ወዳጆች ሰሞኑን ፒያሳ ተሰብስበን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የጄ. ሲ. ቻንዶርን «ማርጂን ኮል» (በብድር የተገዛ ንብረት ዋጋ ሲወርድ አበዳሪው ተጨማሪ መያዣ የሚጠይቅበት ጥሪ) ተመልክተናል። ፊልሙ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የኒው ዮርክ ኢንቨስትመንት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ዋዜማ ከአንድ ቀን ወደ ማግስቱ ያሳለፈውን ጭንቅ ይተርካል። በባንክ ብድር ክፍል የሠራሁ በመሆኔ ጥያቄዎቹን እንድመልስ ተጠይቄአለሁ።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ በባንኩ የአደጋ ስጋት ክፍል የሚሠራው ወጣቱ ፒተር ሱሊቫን ሌሊቱን ያገኘው ነገር በትክክል ምንድን ነው?

መልስ፦ ባንኩ የብዙ ሰዎችን የቤት ብድር አሰባስቦ ለገበያ የሚቀርብ ሰነድ ያደርገዋል፤ ሰነዱ ተዘጋጅቶ እስኪሸጥ ድረስም እስከ አንድ ወር በራሱ መዝገብ ይይዘዋል። የሚይዝበት ገንዘብ ደግሞ አብዛኛው ብድር ነው። ሱሊቫን የደረሰበት፣ የዋጋው መዋዠቅ አስቀድሞ ከተሰላው ወሰን ማለፍ መጀመሩንና ሰነዶቹ በ25 በመቶ ቢወርዱ ኪሳራው ከባንኩ ጠቅላላ የገበያ ዋጋ እንደሚበልጥ ነው። 100 ሺህ ብር ያለው የሰሊጥ ነጋዴ 3 ሚሊዮን ብር ተበድሮ በ3 ነጥብ 1 ሚሊዮን ብር ሰሊጥ ቢያከማች፣ ዋጋው በ4 በመቶ ብቻ ሲወርድ 124 ሺህ ብር ያጣል፤ የራሱ ገንዘብ አልቆ የአበዳሪውን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። በቀውሱ ዋዜማ አንዳንድ ትልልቅ የዎል ስትሪት (የኒው ዮርክ የገንዘብ ገበያ ሰፈር) ባንኮችም የያዙት ንብረት የካፒታላቸው 30 እጥፍ ያህል ነበር።

ጥያቄ፦ ባንኩ ሌማን ብራዘርስ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። የፊልሙ ባንክ አለቃ የጆን ቱልድ ስም፣ በቀውሱ ከወደቀው የአሜሪካ ባንክ ከሌማን ኃላፊ ከሪቻርድ ፉልድ ስም ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎች እንዲህ ያስባሉ። ሆኖም ሌማን ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ወድቋል፤ የፊልሙ ባንክ ግን ዋጋ እንደሚያጡ ያወቃቸውን ሰነዶች በአንድ ቀን፣ ከሌሎች ቀድሞ በመሸጡ ይተርፋል።

ጥያቄ (የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ)፦ የተበላሸ ዕቃ እያወቁ መሸጥ ማጭበርበር አይደለምን? ወይስ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ብለን እንለፈው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የፊልሙ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ገዢዎቹ ሞኞች አይደሉም፤ በሙያው የበሰሉ፣ ለዓመታት ከእነዚሁ ሻጮች ጋር በስልክ ቃል ብቻ ሲገበያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሻጮቹ አለቃ ሳም ሮጀርስ በስብሰባው ላይ የሚከራከረውም ይህን ካደረግን ከእንግዲህ ማንም ከእኛ አይገዛም በማለት ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማነሣው ግን የጉርሻውን ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሻጭ የያዘውን 93 በመቶ ከሸጠ 1 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኝ ቃል ይገባለታል። ይህ የትጋት ሽልማት አይደለም፤ አመሻሹ ላይ ስሙ ጠፍቶ ዳግመኛ በገበያው የማይታመን ሰው አስቀድሞ የሚከፈለው ካሳ ነው። ሮጀርስም ይህን እያወቀ ሠራተኞቹን አደፋፍሮ ያሰማራቸዋል፣ እሱም ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ይቆያል። በሕግ በኩል፣ ሻጭ ስለ ገበያው ያለውን ፍርሃት አለመናገሩና ስለ ሰነዱ በቀጥታ መዋሸቱ በአንድ ዓይን የሚታዩ አይደሉም፤ ፊልሙም ወደ ፍርድ ቤት አይወስደንም።

ጥያቄ፦ ከሥራ የተባረረው የሱሊቫን አለቃ ኤሪክ ዴል ስለ ድልድይ የሚናገረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዴል መሐንዲስ ነበር፤ ኦሃዮንና ዌስት ቨርጂኒያን ያገናኘ ድልድይ ሠርቶ ለሰዎች ስንት የጉዞ ዓመት እንዳተረፈ ያሰላል። ሱሊቫንም የተማረው የሮኬት ሳይንስ ነው። ገንዘቡ መሐንዲሶችን ከሙያቸው ምን ያህል እንደሳበ ከዚህ ይታያል። ለእኔ ከፊልሙ ድርሰት ሁሉ ምርጡ ክፍል ይህ ነው፤ ድርሰቱም ለኦስካር ታጭቶ ነበር።

ጥያቄ (እናት)፦ ስለ ባንክ ለማናውቅስ?

መልስ፦ አይቸገሩ፣ እትዬ። ቱልድ ራሱ ጉዳዩን ለሕፃን እንደሚነገር አድርገው እንዲያስረዱት ይጠይቃል። በፊልሙ ውስጥ ሥልጣን ከፍ ባለ ቁጥር ስሌቱን የሚረዳው ሰው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በአገራችን ባንኮች እንዲህ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ በዚሁ መንገድ አይደለም። የእኛ ባንኮች የሚያበድሩትን ብድር ወደ ሰነድ ቀይረው አይሸጡም፤ አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነው። የእኛ ስጋት ብድር በጥቂት ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱ፣ አለመመለሱና የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው። አነስተኛ አስቀማጮችን ለመጠበቅ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በላይ ያላችሁ የባንካችሁን ዓመታዊ ሪፖርት፣ በተለይም የተበላሹ ብድሮችን መጠን የሚያሳየውን ክፍል፣ እንድታነቡ እመክራለሁ።